መቆም የሚያውቅ ማሽን፦ ስለ ቶዮታና ስለ ባለቤቶቹ

እንደምን አመሻችሁ። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ «የቶዮታ ታሪክ» ይላል። ታሪኩን እነግራችኋለሁ። ነገር ግን ግቢው ውስጥ የቆሙትን ቪትዞች፣ ያሪሶችና ኮሮላዎች እያየሁ ነው የገባሁት፤ ስለዚህ ወሬዬ ጃፓን ላይ አይቀርም፣ እናንተም ዘንድ ይደርሳል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ በእኛ ስጠራ እነግራችኋለሁ።

መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ደላላ ዘንድ ሲቆም መጀመሪያ የሚሰማው ቃል የታወቀ ነው፤ «ቶዮታ ነው እኮ!» ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ሞተሩ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ፣ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ ራዲያተሩ ውስጥ ውሃ ይሁን ኩላንት የሚጠይቅ የለም። ስሙ ሁሉንም ይሸፍናል። እኔ ዕድሜዬን ጋራዥ ውስጥ ነው የፈጀሁት፤ ቶዮታን አልጠላም፣ እኔም የምነዳው እሱኑ ነው። ግን ይህ ስም ከየት እንደመጣ ያወቀ ሰው መኪናውን እንደዚያ አይነዳም ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የምናገረው ይህንኑ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሽመና ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ በ1867 ዛሬ ኮሳይ በምትባለው ከተማ አካባቢ የአናጢ ልጅ ሆኖ ተወለደ። የሰፈሩ ሴቶች በእጅ መሸመኛ ሲደክሙ እያየ አደገና፣ ያንን መሸመኛ ማሻሻል የሕይወቱ ሥራ ሆነ። ሽሮ ሜዳ ዘመድ ያላችሁ ችግሩ ወዲያው ይገባችኋል። ከድሩ አንዲት ክር ስትበጠስ ሸማኔ በዓይኑ አይቶ እጁን ይሰበስባል፤ ይቋጥርና ይቀጥላል። በሞተር የሚሠራ ማሽን ግን ዓይን የለውም። ክሩ ተበጥሶም ይሸምናል፤ የሚወጣው ጨርቅ ብልሽት ነው። ስለዚህ በየማሽኑ አጠገብ አንድ ሰው ዓይኑን ተክሎ መቆም አለበት።

ሳኪቺና ልጁ ኪይቺሮ በ1924 የጨረሱት «ጂ» የተባለው አውቶማቲክ መሸመኛ ይህን ፈታ። በየድሩ ክር ላይ ቀጭን ብረት ይንጠለጠላል። ክሩ ውጥር እስካለ ብረቱን ይዞት ይቆያል፤ ሲበጠስ ብረቱ ይወድቃል፣ ሲወድቅም ማሽኑን ያቆመዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ አንዲት ሠራተኛ 30 እና ከዚያ በላይ ማሽን ብቻዋን መያዝ ቻለች፤ የምትሄደው የቆመው ማሽን ዘንድ ብቻ ነውና። በ1929 ፕላት ብራዘርስ የተባለው የእንግሊዝ የሽመና ማሽን ፋብሪካ የፈጠራ መብቱን በ100,000 ፓውንድ ገዛ። ያኔ እንግሊዝ ማለት የሽመና ማሽን ንጉሥ ነበረች፤ ንጉሡ ከጃፓን አናጢ ልጅ ገዛ ማለት ነው። በማግስቱ ዓመት ሳኪቺ ሞተ።

ልብ በሉልኝ፤ ማሽኑ የተደነቀው በፍጥነቱ ብቻ አልነበረም። ስህተት ሲያገኝ መቆሙ ነው ገንዘብ ያመጣው።

ኪይቺሮ የአባቱን ማሽን ትቶ ወደ ሞተር ገባ። በ1933 በመሸመኛው ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ክፍል ተከፈተ። «ቶዮታ አይሰበርም» የሚሉኝን ሰዎች አንዳንዴ ወደዚያ ዘመን ወስጄ ባሳየኋቸው እላለሁ። የሞተር ብሎክ በማቅለጥ ለማውጣት ሞክረው በብዛት ጣሉ፤ ሞተሩ ራሱ የአሜሪካኑን ሸቭሮሌት እያዩ የሠሩት ነበር። በ1935 ያወጡት «ጂ1» የጭነት መኪና በየመንገዱ እየቆመ መሳቂያ ሆነ። መሐንዲሶቹ መኪናው ወደቆመበት እየሄዱ ራሳቸው ይጠግኑ፣ የተሰበረውን ዕቃ ይዘው ይመለሱና ለምን እንደተሰበረ ያጠኑ ነበር። በ1936 «ኤኤ» የተባለችው የቤት መኪና ወጣች፤ በ1937 ኩባንያው በራሱ ስም ቆመ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

ከጦርነቱ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ቶዮታ ሊዘጋ ነበር። በ1950 ባንኮች ገንዘብ ለመስጠት ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ፣ ሠራተኛው አድማ መታ፣ ወደ 1,600 የሚጠጋ ሰው ከሥራ ወጣ። ኪይቺሮ «ኃላፊነቱ የእኔ ነው» ብሎ ከፕሬዚዳንትነቱ ለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ የኮሪያ ጦርነት ተነሳና የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና አዘዘ፤ ኩባንያው ተረፈ። ኪይቺሮ ግን ወደ ወንበሩ ሳይመለስ በ1952 ሞተ። ዕድል የሌለበት ታሪክ የለም፤ ይህን ዘልለው «ሁሉም በዲሲፕሊን ተገኘ» የሚሉ የማኔጅመንት አሠልጣኞች ያስቁኛል።

እዚያው ዘመን ላይ በ1951 አንድ መኪና ተሠራ። ጂፕ መሳይ ነበር፤ ትልቅ የጭነት መኪና ሞተር የተጫነበት። ፖሊስ እንዲገዛ ለማሳመን የሙከራ ሾፌሩ ይዞት የፉጂን ተራራ ወጣ፤ መኪና ያልደረሰበት ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ። «ጂፕ» የሚለው ስም የአሜሪካኖች ስለነበር በ1954 ላንድ ክሩዘር ተባለ። ከዚያ የሆነውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ገጠር ውስጥ እናት ምጥ ሲይዛት የሚመጣው አምቡላንስ ብዙ ጊዜ ረጅሙ ላንድ ክሩዘር ነው፤ ሰባ የሚባለው ቤተሰብ፣ በ1984 የወጣው፣ እስካሁንም የሚመረተው። እዚያ ላይ ያለው «1ኤችዜድ» ሞተር 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ናፍጣ፣ ተርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ጉልበቱ ከመጠኑ አንጻር ትንሽ ነው፤ ዳገት ላይ ያዛጋል። ሾፌሮቹን «ለምን ወደዳችሁት?» ስትሏቸው አንዳቸውም ፍጥነት አይጠሩም። «ሲታመም ይነግርሃል» ነው የሚሉት። ይጨሳል፣ ያንኳኳል፣ ማለዳ አልነሳ ይላል፤ ድንገት ጫካ ውስጥ ጥሎህ አይሞትም።

አሁን ወደ ውርደቱ። በ1957 ቶዮታ ክራውን የተባለችውን መኪና ወደ አሜሪካ ላከ። ጃፓን ውስጥ የተከበረች፣ ለታክሲ የምትፈለግ ጠንካራ መኪና ነበረች። ነገር ግን የተሠራችው ለጃፓን ጠባብና ኮረኮንች መንገድ ነው። የካሊፎርኒያ ሀይዌይ ላይ ስትወጣ አቅም አጣች፣ ሞተሩ ጋለ፣ ተንቀጠቀጠች። በ1958 ዓመቱን ሙሉ የተሸጠው ሦስት መቶ እንኳ አይሞላም። ምን አደረጉ? የቤት መኪና መላኩን አቆሙ። አሜሪካን የሚያህል ገበያ! ለዚያ መንገድ የሚሆን መኪና ሠርተው በ1965 ኮሮናን ይዘው ተመለሱ፤ ያኔ ሆነላቸው። በቀጣዩ ዓመት ኮሮላ ተወለደች።

ስለ ኮሮላ ዋና መሐንዲስ አንድ ነገር ልበል። ታትሱዎ ሃሴጋዋ በጦርነቱ ዘመን አውሮፕላን ነዳፊ ነበር። መኪናዋ በሁሉም ነገር 80 ነጥብ ማግኘት አለባት፣ ያ ብቻ ግን አይበቃም፣ ከዚያ በላይ የምትሄድበት ነገር ይኑራት ብሎ ነው የተነሳው። አውሮፕላን የሠራ ሰው አንድ ጉድለት ሌላውን መቶ ነጥብ ዋጋ እንደሚያሳጣው ያውቃል። ኮሮላ ዲኤክስ የነዳችሁ ታላላቆቼ ያንን አስተሳሰብ በእጃችሁ ዳስሳችሁታል። ውበት የላትም፣ ምቾቷም እንዲሁ ነው፣ ግን ካርቡሬተሩን መንገድ ዳር ፈትታችሁ፣ ነፍታችሁ፣ ገጥማችሁ ትሄዳላችሁ። በ1997 ኮሮላ ከፎልክስዋገን ቢትል ቀድማ በስሟ ብዙ የተሸጠች መኪና ሆነች፤ በ2021 ደግሞ 50 ሚሊዮን ሞላች።

ይህ ሁሉ እየሆነ ፋብሪካው ውስጥ ታይቺ ኦኖ የሚባል ሰው ከመሸመኛው ፋብሪካ የመጣውን ሐሳብ ወደ መኪናው አምጥቶታል። እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። መኪናው በመስመር ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። ከሠራተኛው ራስ በላይ ገመድ ተዘርግቷል። ቡሎን አልገባ አለ እንበል፤ ሠራተኛው ገመዱን ይስባል። ሙዚቃ ይሰማል፣ ሰሌዳው ላይ የዚያ ቦታ ቁጥር ይበራል። አለቃው ይመጣል። መጥቶ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ አይጮህም፤ ችግሩን አብሮት ያያል። መኪናው ወለሉ ላይ የተሰመረው ምልክት ጋ ሳይደርስ ከተፈታ ገመዱ ድጋሚ ይሳባል፣ መስመሩ ምንም ሳይሆን ይቀጥላል። ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። በዚያ መስመር ላይ ያሉ ሰዎች ሁሉ ይቆማሉ። ተራ ሠራተኛ ያንን ያህል ገንዘብ የማቆም ሥልጣን አለው ማለት ነው።

«ጃፓኖች ስለሆኑ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ለእሱ የፍሪሞንት ታሪክ ይበቃዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ጀነራል ሞተርስ አንድ ፋብሪካ ነበረው፤ በመጥፎ ሥራና በቀሪ ሠራተኛ ብዛት ስሙ የጠፋ። በ1982 ዘጋው። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ከፈቱት፤ የቀጠሩት በአብዛኛው እነዚያኑ የድሮ ሠራተኞች ነው። በፊት በእነዚያ ሰዎች ዘንድ መስመሩን ማቆም ትልቅ ወንጀል ነበር፤ ሞተሩ ተገልብጦ ቢገጠም እንኳ ይለፍ፣ በኋላ ውጭ ይስተካከላል ይባል ነበር። አዲሱ ፋብሪካ ሠራተኞቹን ጃፓን ልኮ አሠለጠነ፤ ገመዱንም ሰጣቸው። በአጭር ጊዜ ከዚያ ፋብሪካ የሚወጣው መኪና ከጃፓኑ ጋር የሚስተካከል ሆነ። የተቀየረው ሰው አልነበረም። ያቆመ ሰው እንዳይቀጣ ተደረገ፣ ዋናው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። ሕዝቡ ዶልፊን፣ አባዱላ እያለ ስም ያወጣላቸው ሃይሶች ለአዲስ አበባ ምን እንደሆኑ መንገር አያስፈልገኝም። ከእነሱ መካከል ሞተር ሳያወርድ ዓመታት የሚሠራ አለ፤ በየዓመቱ የሚያወርድም አለ። መኪናው አንድ፣ ሞተሩ አንድ፣ 5ኤል። መንገዱም አንድ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

አንድ ጋሼ የምላቸው ባለንብረት አሉ። መኪናቸውን ለሾፌር ሰጥተው የቀን ገቢ ይቀበላሉ፤ እንደማንኛውም ሰው። ሁለት ልማድ ግን አላቸው። አንደኛው ደብተር ነው፤ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ቺንጋ፣ የፍሬን ሸራ የተቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር ተጽፎበታል። ሁለተኛው ለሾፌሩ ያሉት ቃል ነው። «ቀይ መብራት ከበራ ወይም ሙቀቱ ከወጣ ተሳፋሪ ይኑርህ አይኑርህ ጥግ ያዝ። ደውልልኝ። የዚያን ቀን ገቢ አልጠይቅህም።» እኔ ይህን ስሰማ ሳቅኩ፤ ፍሪሞንት ድረስ ምን አስኬደኝ ብዬ። ሌላው ባለንብረት ገቢውን ቢሰበርም ባይሰበርም ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ሾፌሩ ምን ያደርጋል? ሙቀቱ ሲወጣ ያየዋል፣ ሂተር ይከፍታል፣ አንድ ጀሪካን ውሃ ያፈስበታል፣ ቀኑን ይጨርሳል። ማታ መኪናውን አስረክቦ ምንም አይልም። ሾፌሩ ላይ አልፈርድም፤ ካቆመ ልጆቹ ራታቸውን ያጣሉ። ሞተሩን ያቃጠለው የገቢው ስምምነት ነው።

ሾፌር የሌላችሁ፣ ራሳችሁ የምትነዱት ደግሞ የራሳችሁ ቃል አላችሁ፤ «ትንሽ ነው የቀረኝ»። ጋራዥ ውስጥ ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ ውዱ ይህ ነው። ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ማለት ነው፣ አልሙኒየም ነው፤ ሲግል ይጣመማል፣ ማሸጊያው ጓርኒሲዮን ይለቃል፣ ውሃና ዘይት ይገናኛሉ። ትንሽ የቀረው መንገድ በሞተር ማውረድ ያልቃል።

ሙቀት ካነሳን አንዲት ቆብ ላሳያችሁ። ይህቺ የራዲያተር ክዳን ናት። ከእጅ ወደ እጅ አስተላልፏት፤ በእጃችሁ ያዟት። ሥር ያለውን ስፕሪንግና ጎማ እዩ። ክዳኗ ላይ 0.9 ተጽፏል፤ ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ድስት ላይ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የሞተራችሁ የዘወትር ሙቀት ደግሞ ከዚያ ብዙም የራቀ አይደለም። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አይፈላም? ይህቺ ስፕሪንግ ግፊቱን ስለምትይዝ መፍያው ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ጎማዋ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጓ ከላላ፣ የዓባይን በረሃ ወርዳችሁ ወደ ጎሃ ጽዮን ስትወጡ ትፈላላችሁ። አንዳንዱ ሜካኒክ ይህን ሲያይ ክዳኗን ትቶ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥላል። «አገራችን ሞቃት ነው፣ አያስፈልግም» ይላል። ቴርሞስታት 82 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የሚከፈት በር ነው። ከሌለ ሞተሩ ቀለበት መንገድ ላይ በደንብ ሳይሞቅ ይሄዳል፤ ቤንዚን ይበላል፣ ያለ ጊዜው ያልቃል። ኩላንቱን ደግሞ በቧንቧ ውሃ አትተኩት። ሮዝ ወይም ቀይ ሆኖ የሚመጣው ቀለም ለጌጥ አይደለም፤ ዝገት የሚከለክለው መድኃኒት ውስጡ ነው።

ስለ ቪትዝ ሳልናገር ብወርድ አትለቁኝም። ቪትዝ በ1999 ጃፓን ውስጥ ወጣች፤ አውሮፓ ላይ ያሪስ ተባለች። እኛ ዘንድ ከመጡት ቪትዞች ብዙዎቹ በትውልዳቸው መሪያቸው ቀኝ ነበር፤ ዱባይ ላይ ወደ ግራ ዞረው ነው የገቡት። ገበያው ያሪስን አስበልጦ የሚከፍለውም በዚህ ምክንያት ነው። ልትገዙ ስትሄዱ የዝናብ መጥረጊያውን አሠርታችሁ እዩ፤ የቀኝ መሪ መጥረጊያ ከሆነ ሾፌሩ ፊት ያልተጠረገ ጥግ ይተዋል። ዳሽቦርዱ ሲነካ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ እዩ። ከሁሉ በላይ ኤርባጉ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ መሪው ሲዞር ተነቅሎ ሽፋኑ ብቻ የቀረበት መኪና ገጥሞኛል። ቻንሲ ቁጥሩም ይናገራል፤ በኤስሲፒ10 የሚጀምረው የመጀመሪያው ትውልድ ባለ አንድ ሊትር ነው፣ አራት ሲሊንደር። ኬኤስፒ90 ሁለተኛው ትውልድ ነው፣ ሦስት ሲሊንደር። «መብራት ላይ ስቆም ይንቀጠቀጥብኛል» እያላችሁ የምትመጡት ኬኤስፒዎች ናችሁ። ሦስት ሲሊንደር ተፈጥሮው ነው፤ ካንዴላው ጥሩ ከሆነና የሞተር መቀመጫ ጎማው ካልተበላ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ትምህርት አላቸው። ከ2007 እስከ 2009 የተሠራችው ባለ 2.4 ሊትር ካምሪ ዘይት ትበላለች። ጭስ ሳይታይ፣ ጠብታ ሳይወርድ። ቶዮታ ራሱ አምኖ ለእነዚያ ሞተሮች ዋስትናውን አራዝሟል። የዘይት መለኪያውን በየነዳጅ መሙያው የሚያወጡ ሰዎች ያቺን መኪና ብዙ ነድተዋታል። «ቶዮታ ነው» ብለው በየስድስት ወሩ ኮፈን የሚከፍቱ ግን ሞተሩ ደርቆ ነክሶባቸዋል።

ቶዮታ ራሱስ ገመዱን መሳብ ረስቶ ያውቃል? ያውቃል። በ2000ዎቹ ኩባንያው የዓለም አንደኛ ለመሆን ሮጠ፤ በ2008 ጀነራል ሞተርስን ቀደመ። በነሐሴ 2009 ሳን ዲዬጎ አጠገብ ቶዮታ የሚሠራት አንዲት ሌክሰስ ፍጥነቷ አልቆም ብሎ አራት ሰው አለቀ። የነዳጁ ፔዳል ለዚያች መኪና ባልተሠራ የወለል ምንጣፍ ተይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ በምንጣፍና በሚያጣብቅ ፔዳል ምክንያት ሚሊዮኖች መኪና ለጥገና ተጠራ። ኤሌክትሮኒክሱ ነው የሚልም ነበር፤ ናሳ መርምሮ ይህን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። የኪይቺሮ የልጅ ልጅ፣ ያኔ የኩባንያው ፕሬዚዳንት የነበረው አኪዮ ቶዮዳ በየካቲት 2010 የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ፣ ያደግንበት ፍጥነት ከልክ አልፎ ሊሆን ይችላል፣ ቅደም ተከተላችን ተዛብቷል አለ። በ2014 ኩባንያው ለደንበኞቹ የተናገረው እውነት ስላልነበረ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። ችግሩን ያወቁ ሰዎች ውስጥ ነበሩ፤ ገመዱን ግን በጊዜው አልሳቡትም።

ከዚያም አልበቃ። በታኅሣሥ 2023 ቶዮታ ሙሉ በሙሉ የያዘው ዳይሃትሱ የደህንነት ፍተሻ ላይ ሲያጭበረብር እንደኖረ ታወቀ፤ በ64 ሞዴሎች፣ አንዳንዱ በቶዮታ ስም የሚሸጥ፣ የመጀመሪያው ስህተት እስከ 1989 የሚመለስ። የመረመረው ኮሚቴ ያገኘው ምክንያት ለጆሮአችን አዲስ አይደለም። ጊዜው ጠበበ፣ ፍተሻው ደግሞ አንዴ መውደቅ የለበትም ተባለ፣ «አልደረሰልንም» ማለት ነውር ሆነ። የታክሲ ገቢው ስምምነት ጃፓን ውስጥም አለ ማለት ነው። በሌላ በኩል በ2022 ቢዜድፎርኤክስ የተባለችው የኤሌክትሪክ መኪና እንደወጣች የጎማዋ ቡሎን ሊፈታ እንደሚችል ሲታወቅ፣ ባለቤቶቹን «አትንዱ» ብለው ሽያጩን ለወራት አቆሙ። ያቺ መኪና አሁን አዲስ አበባ መንገድ ላይ ትታያለች፤ በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለ የሚቀጥለው ቶዮታችሁ እሷን መሳይ ሊሆን ይችላል።

ክልከላው ሌላም ነገር አምጥቷል። በ2012 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ቀድሞ አክብዶት ነበር፤ አሁን የያዛችኋት ቪትዝ ምትክ የላትም ማለት ይቻላል። ሶማሌ ተራ ያለው ዕቃም ዋጋው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም። እዚያ ስትሄዱ «ኦሪጅናል ነው» የሚለውን ቃል እንደ ደላላው «ቶዮታ ነው እኮ» ስሙት። የዘይት ፊልትሮ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ክብደቱን በእጃችሁ አመዛዝኑ፤ ቀለል ያለው ብዙ ጊዜ ውስጡ ባዶ ነው።

ከመውረዴ በፊት አንድ ሥራ አለን፤ ቀልድ አይደለም። ታካታ የተባለ ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ውስጥ ያለው የሚነፋቸው ዕቃ በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ስለሚበላሽ፣ ኤርባጉ ሲፈነዳ የብረት ቁርጥራጭ ሰው ላይ ይረጫል። በተለያዩ አገሮች ሰው ገድሏል። በ2000ዎቹና በ2010ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ኮሮላዎች፣ ያሪሶችና ቪትዞች ከተጠሩት መካከል ናቸው። ጃፓን ወይም ዱባይ የነበረው የመጀመሪያ ባለቤት ደብዳቤ ደርሶት ይሆናል፤ መኪናው ግን እናንተ ዘንድ ነው ያለው፣ እናንተ ዘንድ ደግሞ ደብዳቤ አይመጣም። ሊብሬያችሁን አውጡ። ቻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ከሆነ መኪናው ከጃፓን ውጭ ላለ ገበያ የተሠራ ነው፤ እንደ ኬኤስፒ90 በሞዴል ስም ጀምሮ በሰረዝ የሚከፈል አጭር ከሆነ ለጃፓን የተሠራ ነው። ሁለቱም ቶዮታ በየአገሩ በከፈተው የመጥሪያ መፈለጊያ ገጽ ላይ ይታያል፤ የጃፓኑን አጭር ቁጥር ግን የጃፓኑ ገጽ ላይ ነው የምትጽፉት። በሩ አጠገብ ሁለት ተማሪዎቼ ኮምፒውተር ከፍተው ተቀምጠዋል። ተሰለፉና ቁጥራችሁን ስጧቸው። ተጠርቶ ያልተስተካከለ መኪና የተገኘበት ሰው ከፊት ተሳፋሪ አያስቀምጥ፣ ነገ ጠዋት ወደ ወኪሉ ይሂድ። ሌላ ጥያቄ ያላችሁ እኔ እዚሁ ነኝ፤ ቆቧን ግን መልሱልኝ።